መሳቢያ ውስጥ የቀረው ፎርም

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሠራ አበሻ ነገሩ ይገባዋል። ክፍያ የምንቀበልባት ቡዟ ጠባብ ናት። ማሞቂያ፣ ካሽ ሬጅስተር፣ የቁልፍ ሰሌዳና ሁለት ወንበር ይዛ ሞልታለች። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት መኪና እንደ ጎርፍ ይገባል። ከዚያ እስከ ምሳ ጭር ነው። ያን ሰዓት የምንገፋው በወሬ ነው። ወሬው ደግሞ ያው ፖለቲካ ነው።

የእኛ ጋራዥ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር፣ ከምድር በታች ነው። እኔ የጠዋቱ ሺፍት ኃላፊ ነበርኩ። አብረውኝ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በ1980ዎቹ በሱዳን አድርገው በስደተኝነት የገቡ ሰው ናቸው። ታክሲ ነድተዋል፣ ልጆች አስተምረዋል፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ሪፐብሊካን ይመርጣሉ። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ በዲቪ መጥቶ ማታ ማታ ኮሌጅ የሚማር። ቅጽል ስሙም «ዲቪው» ነበር። እሱ ደግሞ ለይቶለት ዲሞክራት ነው።

«እኔን ሬገን ነው ያስገባኝ» ይላሉ ጋሼ።

«የስደተኞቹን ሕግ በ1980 የፈረመው ካርተር ነው ጋሼ።»

«ያንተን ዲቪስ ማን ፈረመው? ትልቁ ቡሽ! በ1990!»

«ሐሳቡ የዲሞክራቱ የሹመር ነው!»

የሚያስቀው ሁለቱም ልክ ናቸው። ሕጉን ያጸደቀው ኮንግረስ በዲሞክራቶች እጅ ነበር፣ ፈራሚው ፕሬዚዳንት ሪፐብሊካን ነበር፣ ሁለቱም ወገን ድምፅ ሰጥቶበታል። ቡዛችን ውስጥ ግን ይህን ያለ ሰው ጨዋታ አበላሸ ይባላል።

እንግዲህ በ2018 መጨረሻ መንግሥት ተዘጋ። ዲሴምበር 22። ትራምፕ ለድንበሩ ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ካልተፈቀደልኝ በጀቱን አልፈርምም አለ። ዲሞክራቶቹም አንሰጥም አሉ። አገር ቤት ያለ ሰው «መንግሥት ተዘጋ» ሲባል አይገባውም። እናቴ ስልክ ደውላ «ታዲያ ማን እያስተዳደራችሁ ነው?» ብላኛለች። እኔም ስንት ዓመት ኖሬ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እዚህ የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ኮንግረስ በጊዜው ካላጸደቀ መሥሪያ ቤቱ ብር ማውጣት በሕግ ይከለከላል። ድሮ ድሮ እንዲያም ሆኖ ሥራው ይቀጥል ነበር አሉ። በ1980 የካርተር ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሕጉን ጠበቅ አድርጎ ተረጎመውና መዘጋት የሚባለው ነገር መጣ።

ጋራዣችን ባዶ ቀረ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድም መኪና የለም። ወሬው ግን በሦስት እጥፍ ጨመረ።

ጋሼ ቀላል ተከራካሪ እንዳይመስሏችሁ። «በ2006 የወጣውን የአጥር ሕግ ሹመር ደግፏል፤ ኦባማም ሂላሪም ደግፈዋል። ያኔ አጥር ጥሩ ነበር፣ ዛሬ ትራምፕ ሲለው ኃጢአት ሆነ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ደግፈዋል። ዲቪው «ኋይት ሐውሱም፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በእጃችሁ እያሉ ነው የዘጋችሁት» ሲላቸው፣ «ሴኔት ውስጥ 60 ድምፅ እንደሚያስፈልግ ኮሌጅ አላስተማሩህም?» ብለው ይመልሳሉ።

እኔስ? እኔ ዳኛ ነኝ ባይ ነበርኩ። ውሸቴን ነው። ልቤ ከዲቪው ጋር ነበር፤ እንዲያውም ከእሱ ብሼ ነበር። ዲሴምበር 11 ትራምፕ የዲሞክራቶቹን መሪዎች ሹመርንና ፔሎሲን ቢሮው ጠርቶ፣ በካሜራ ፊት መንግሥትን ብዘጋ እኮራለሁ፣ እናንተንም አልወቅስም ያለበትን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ። ጋሼ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እከፍተዋለሁ። ቁጥሩ ሁሉ በቃሌ ነው፦ 800 ሺህ ሠራተኛ፣ ከዚያ ውስጥ 380 ሺህ ያህሉ ቤቱ የተቀመጠ፣ 420 ሺህ ያህሉ ያለ ደሞዝ የሚሠራ። ዳዊት የደገመ ደብተራ እንኳ እንደ እኔ አይወርደውም።

ጃንዋሪ 18፣ ዓርብ። የከተራ ዕለት ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ክርክሩ ጦፏል። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ሕግ ተፈርሞ ነበር፤ የፌዴራል ሠራተኞች መንግሥት ሲከፈት የቀረባቸው ደሞዝ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይከፈላቸዋል የሚል። ጋሼ እሱን ይዘው መጡ።

«ምን ሆኑ ታዲያ? የተከፈለበት እረፍት ነው እኮ!»

እኔ ልመልስ ስል መስኮቱ ተንኳኳ። ከላይ ባለው የፌዴራል ሕንፃ ካፌ ውስጥ ካሸር የነበረች የእኛው ልጅ ናት። ሥራ የምትገባው ባቡሩ ሳይጀምር ስለሆነ፣ ከጓደኛዋ ጋር አንድ መኪና እየተጋሩ፣ የወሩን ክፍያም እየተካፈሉ ያቆሙ ነበር። አንዳንድ ዓርብ ከሰዓት የተረፈ ማፊን በናፕኪን ጠቅልላ ታመጣልናለች።

«ጠፋሽ እኮ!» አልኳት።

«ሥራ የለማ። ካርዱን ልመልስ ነው። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እንዳይቆርጡብኝ።»

ፎርሙን በመስኮቱ አቀበልኳት። ሞልታ፣ ፈርማ መለሰችልኝ። የተቀበልኳት ወደ ጋሼ ዞሬ እያወራሁ ነው። ጋሼም ያን «የተከፈለበት እረፍት» እየደገሙት ነው። ልጅቷ ግን አልሄደችም። ጓንቷን እያጠለቀች ቆመች።

«እኛን አይመለከተንም» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«ወደ ኋላ የሚከፈለው። እኛ የኮንትራክተር ነን፤ የቀጠረን መንግሥት ሳይሆን የግል ድርጅት ነው። የቀረው ቀረ።»

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይሞቃል። «አይዞሽ» አላልኳትም። «እንዴት እየሆንሽ ነው?» አላልኳትም። ወደ ጋሼ ዞሬ፣ «ሰሙ? ሰሙ ጋሼ? ይኸው ምስክር!» አልኩ። ጎል እንዳገባ ሰው።

እሷ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «በሉ መልካም ጥምቀት» ብላ በራምፑ ወጣች።

የአሠራራችን ነገር እንዲህ ነው። የወር ደንበኛ ማቋረጥ ከፈለገ ፎርሙ ወር በገባ በ20 ዋናው ቢሮ መድረስ አለበት። አንድ ቀን ካለፈ ኮምፒውተሩ ርኅራኄ አያውቅም፤ የሚቀጥለውን ወር ራሱ ይቆርጣል። ጃንዋሪ 20 እሑድ ነበር። ስለዚህ ያን ዓርብ ፎርሙን ስካን አድርጌ መላክ ነበረብኝ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

በሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 25፣ ትራምፕ ለግንቡ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ መንግሥትን ለሦስት ሳምንት ለመክፈት ተስማማ። 35 ቀን ሞልቶት ነበር። እኔ ለጋሼ ቡና ገዛሁ፤ የድል ቡና መሆኑን እንዲያውቁት ስኳሩን ራሴ አማሰልኩላቸው። ጠጡት። «በምርጫ እንገናኛለን» አሉኝ።

ፌብሩዋሪ በገባ በሳምንቱ ልጅቷ መጣች። ካፌው ተከፍቶ ሥራ ጀምራለች። ማፊን ግን አልያዘችም። ስልኳን በመስኮቱ በኩል አቀበለችኝ። ፌብሩዋሪ 1፣ 185 ዶላር በእኛ ድርጅት ስም ተቆርጧል። ሒሳቧ ውስጥ የነበረው 60 ምናምን ዶላር ነው። ባንኩ 35 ዶላር ቀጣት። በማግሥቱ የስልክ ክፍያ ሲመጣ ሌላ 35 ደገማት።

«ፎርሙን ሰጥቼህ አልነበር ወንድሜ?»

መሳቢያውን ሳብኩት። የቲኬት ጥቅልል አነሳሁ፣ የድሮ ደረሰኝ አነሳሁ። ከሥር አለ። ስሟ፣ ፊርማዋ፣ ቀኑ፣ ሁሉም በትክክል ተሞልቷል። ላሳያት ብዬ ሳነሳው ወረቀቱ ተገለበጠ።

ጀርባው ላይ የእኔ እጅ ጽሑፍ አለ። 5.7 ቢሊዮን። ከሥሩ 800,000። ከሥሩ 380፣ 420። ያን ዕለት ለጋሼ ሒሳብ ሳሰላላቸው እጄ ላይ የነበረው ወረቀት የእሷ ፎርም ነበር። 800 ሺውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

አነበበችው። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። ነገር ሊያነሱ ነው ብዬ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። መልስ የላቸውም እንዳይባል፣ መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎላቸዋል። ቃል አልተናገሩም። ቦርሳቸውን አውጥተው ሁለት ሃያ ዶላር በመስኮቱ ዘረጉ።

«ጋሼ ይተዉ፣ እርስዎ ምን አደረጉ?» አለች።

«አብሬ ነበርኩ» አሉ።

አልተቀበለቻቸውም። ከእኔ ግን 70 ዶላሩን ተቀበለች። ተገቢ ነው። 185ቱን ድርጅቱ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። እኔም ራይት አፕ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው፣ ተጻፈብኝ። ሱፐርቫይዘሩ ምክንያቱን በጽሑፍ ሲጠይቀኝ «ረስቼ» ብዬ አለፍኩት። ምን ልበል? አሜሪካ ያለ ደሞዝ ስላስቀረቻቸው ሰዎች እየተሟገትኩ፣ ደሞዝ የቀረባትን ሰው ፎርም ቀበርኩ ልበል?

ቡዙ ውስጥ «ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። አንድ ሳምንት አልቆየም። ጋሼና ዲቪው ወረቀቱ ሥር ተቀምጠው፣ መለጠፌ የመናገር መብታቸውን ይነካል አይነካም ብለው ተከራከሩ። ዲቪው ያ መብት የሚከለክለው መንግሥትን እንጂ የግል ቀጣሪን አይደለም አለ፤ ልክ ነው። ጋሼ ለአንድ ጊዜ ዲሞክራት ሆነው አመሹ። ወረቀቱን ገነጠልኩት። የጸናው ሌላ ልማድ ነው፦ ፎርም ያመጣ ሰው ስካን ተደርጎ፣ ኢሜይሉ መሄዱን በዓይኑ ሳያይ ከመስኮቱ አይሄድም። የቸኮለ ደንበኛ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

ጋሼ ጡረታ ወጡ። ዲቪው ተመርቆ ቢሮ ገባ። እኔ እዚያው ነኝ።

ኦክቶበር 1፣ 2025 መንግሥት እንደገና ተዘጋ። ይሄኛው 43 ቀን ሄዶ የድሮውን አስከነዳው። በዚህኛው ወንበሩ ተቀያይሮ ነበር። የጤና ኢንሹራንስ ድጎማው ካልተራዘመ አንደግፍም ያሉት ዲሞክራቶች ናቸው፤ መጀመሪያ መንግሥት ይከፈት፣ ከዚያ እንነጋገር የሚሉት ሪፐብሊካኖች። በ2019 «የሠራተኛ ደሞዝ መያዣ ማድረግ ነውር ነው» ሲሉ የነበሩ አፎች «አንዳንዴ መጨከን ያስፈልጋል» አሉ። በዚያኛው ወገን ያሉትም እንዲሁ ተገለበጡ። አዲሶቹ ልጆች ገና በጠዋቱ ጀምረውታል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳያል። አንተ እንዴት ታየዋለህ አሉኝ።

የወር ደንበኞቹን ዝርዝር አውጥቼ በእርሳስ እያየሁ ነበር። ኮንትራክተር መሆናቸውን የማውቃቸው ዘጠኝ ናቸው። መጀመሪያ የደወልኩት ለእሷ ነው።

«ምነው በጠዋቱ?» አለች።

«ተዘጋ አይደል። ፎርሙን ልላክልሽ? እስከ 20 ጊዜ አለሽ፣ ግን ዛሬ ብንጨርሰው ይሻላል።»

ሳቀች። «አሁን ደግሞ ጥፋቱ የማን ነው ተባለ?»

ልጆቹ ከኋላዬ ይጮኻሉ። እስክሪብቶ ፈለግኩ።

«የካርድሽን ቁጥር ንገሪኝ» አልኳት።