ሦስተኛው ፊልም

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሳስተምር፣ ፖላራይዜሽንን (የብርሃን ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መወዛወዙን) ለማስረዳት ለዓመታት የምጠቀምበት አንድ ምሳሌ ነበረኝ። ቧንቧውን በጥቂቱ እከፍትና ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ ሲወርድ አሳያለሁ፤ ቀጥዬ እስከ መጨረሻው ስከፍተው እየተገላበጠ ነጭቶ ይወርዳል። «የመጀመሪያው ፖላራይዝድ የሆነው ብርሃን፣ ሁለተኛው ተራው የፀሐይ ብርሃን ነው» እላለሁ፤ ተማሪዎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ምሳሌው የፈረሰው በአንድ የግንቦት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት የፖላራይዘር ፊልሞችን (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ስስ ፕላስቲኮችን) በ90 ዲግሪ አቋርጬ ከመብራት ፊት ሳቆማቸው ጨለመ፤ ሁለተኛውን ፊልም «እንደ ተዘጋ ቫልቭ ቁጠሩት» አልኋቸው። ከዚያ በመካከላቸው ሦስተኛ ፊልም በ45 ዲግሪ ሳስገባ ብርሃኑ ተመልሶ መጣ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ቫልቭ ተዘግቶ ውሃው ከቆመ በኋላ መሃል ላይ ሌላ ቫልቭ ብንጨምር ውሃ ይመጣል እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ ስላልነበረኝ፣ ምሳሌዬን ለማዳን ብዬ «ሦስተኛው ፊልም ብርሃኑን በከፊል ስለሚያውከው ነው» አልኋት። ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው መጥታ፣ የመጨረሻውን ፊልም በእጇ ይዛ ቀስ እያለች አዞረችው፤ ከመካከለኛው ፊልም ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ ብርሃኑ ጨርሶ ጠፋ። «የታወከ ቢሆን ኖሮ በየትኛውም አቅጣጫ እንዲህ ባልጨለመ ነበር» አለች። ልክ ነበረች፤ ከመካከለኛው ፊልም የወጣው ብርሃን እንደ ገባው ሁሉ ፖላራይዝድ ነው፣ የተለወጠው የሚወዛወዝበት አቅጣጫና ጥንካሬው ነው።

በዚያ ምሽት ያደባለቅሁትን ለመለየት ተቀመጥሁ። የብሪታኒያው መሐንዲስ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ያሳየው፣ ፍሰት የሚረጋጋው ወይም የሚታወከው በፍጥነቱ፣ በቱቦው ስፋት፣ በፈሳሹ እፍጋትና ዝልግልግነት (ለመፍሰስ ባለው ተቃውሞ) መሆኑን ነው፤ እነዚህን የሚያጣምረው ቁጥር በቱቦ ውስጥ ከ2000 ገደማ በታች ሲሆን ፍሰቱ የተረጋጋ ነው። (ውሃ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ዝልግልግነቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚቀንስ፣ የድሬ የቀትር ውሃ ቶሎ ይታወካል።) ብርሃን ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፤ መብራቱን ብናደምቀው ፖላራይዜሽኑ አይለወጥም። የመብራቱ ጨረር እየተገላበጠ አይጓዝም፤ ፖላራይዝድ ያልሆነው፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው አተሞች የየራሳቸውን ብርሃን ስለሚለቁና የኤሌክትሪክ መስኩ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ የሚወዛወዝበት መስመር አንድ ስላልሆነ ነው።

በማግሥቱ ቧንቧውን ሳልነካ ሰሌዳው ላይ መስኩ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ሣልሁ። ፊልም የሚያሳልፈው የቀስቱን ጥላ በራሱ አቅጣጫ ነው፤ ጥንካሬውም በማሉስ ሕግ በማዕዘኑ ኮሳይን ካሬ ይባዛል። የመጀመሪያው ፊልም ግማሹን፣ መካከለኛው የቀረውን ግማሽ፣ የመጨረሻው ደግሞ የዚያን ግማሽ ሲያሳልፉ ከመነሻው አንድ ስምንተኛው ይደርሳል፤ ፊልሞቹ ራሳቸው ብርሃን ስለሚውጡ የእኛ መለኪያ ከዚህ ያነሰ አሳየ።

የቧንቧውን ሥዕል ከማስተማሪያ ወረቀቱ ላይ ሰርዣለሁ። ያለፉት ዓመታት ተማሪዎች ግን አሮጌውን ይዘው ስለሄዱ፣ አንዱን በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ባገኘሁት ቁጥር ስለ ሦስተኛው ፊልም ሳልነግረው አልለቀውም።