275 የምትለዋ ቁጥር

ኮሪደሩ ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች በፒጃማ ቆመው ያዩኛል። የጭስ አላርሙ ጆሮ ይበጥሳል። እኔ በጨርቅ የያዝኩት ትሪ ላይ ከሰል የመሰሉ ድቡልቡሎች ተደርድረዋል። በቅጡ በማልችለው ቋንቋ «ይቅርታ፣ እሳት አይደለም፣ ዶቃ ነው» እላለሁ። «ዶቃ» የምትለዋን ግን በአማርኛ ነበር ያልኳት። የእነሱን ቃል ገና አልተማርኩትም ነበር።

እሑድ ጠዋት ነው። ከሌሊት ሺፍት ገብቼ በመተኛት ፋንታ ነው ይህን ጉድ የሠራሁት።

ነገሩን ያመጡብኝ ታችኛው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አዛውንት ጎረቤቴ ናቸው። ቤት ሊቀይሩ ዕቃ ሲያወጡ ካርቶን ተሸክሜ አገዝኳቸው። ሲጨርሱ አንዷን ትንሽ ካርቶን መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። ውስጧ የሳሙና ቅርጽ ያላቸው ባለቀለም ጥቅሎች፣ ረጅም ምላጭ፣ ወፍራም መርፌና አንዲት ድንክ መዳመጫ አለች። ቋንቋ አያግባባንም። ስለዚህ በእጃቸው አሳዩኝ። ከሰማያዊው ቆንጠር አደረጉ፣ አሹት፣ በመዳፋቸው መሀል አድቦለቦሉት፣ በመርፌ በሱትና ወደ ኦቨኔ ጠቆሙ። አሥሩን ጣታቸውን ሦስት ጊዜ ዘረጉልኝ፤ ሠላሳ ደቂቃ ማለታቸው ነው። ከዚያ አመልካች ጣታቸውን አንስተው ወዘወዙብኝ። ተጠንቀቂ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ምኑን እንደምጠነቀቅ ግን አልገባኝም።

ያኔ ከመጣሁ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በዚያ ዓመት እጄ የሚያውቀው መወልወያና ባልዲ ብቻ ነው። ቢሮ አጸዳለሁ፤ በማግስቱ ያው ቢሮ ቆሽሾ ይጠብቀኛል። ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠችውን ሰማያዊ ድቡልቡል ሳያት፣ ነገም ስገባ እዚሁ ናት ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝነት ሊመስል ይችላል፤ ግን እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ጥቅሎች ፖሊመር ክሌይ ይባላሉ። ክሌይ ይባል እንጂ ሸክላ አይደለም። ውስጡ አፈር የለም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ያው የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ማለት ነው፣ በዱቄት መልኩ ከቀለምና ከሚያለሰልስ ዘይት መሰል ነገር ጋር ተለውሶ ነው። አየር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ አይደርቅም። ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ለስላሳ ሆኖ ይጠብቃል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው የሚመስለው። ጀምሬው ሥራ ብሄድ፣ ስመለስ እንደተውኩት አገኘዋለሁ። አቧራ እንዳይነካው መክደን ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ከጥንቶቹ ምርቶች አንዱ ፊሞ ነው። የተጀመረው ጀርመን ውስጥ ኬተ ክሩዘ በተባለች ታዋቂ አሻንጉሊት ሠሪ ቤት ነው። ፊፊ እያሉ የሚጠሯት ልጇ ነበረች የምትሞክረው፤ «ፊሞ» ውስጥ ያለችው «ፊ»ም ከእሷ የመጣች ናት። ፊፊም ስንቱን አቃጥላ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ወደ እሑዱ ልመለስ። ጥቅሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ብዙ ነገር ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ መሀል ያነበብኩት 275 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ነው። ከጎኗ ያለችውን የፋራናይት ምልክት አላስተዋልኳትም። የኔ ኦቨን በሴልሺየስ ነው፤ መዞሪያው 250 ላይ ያበቃል። «ትንሽ ቢጎድል ምን ይሆናል» ብዬ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። በሴልሺየስ 130 ነበር መሆን ያለበት። እሱም እዚያው ጥቅሉ ላይ በቅንፍ ተቀምጧል። እኔ የዕቃው መለያ ቁጥር ምናምን መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ዓይንና ጉሮሮ ይለበልባል። ኦቨኑን ስከፍተው ፊቴን በጥፊ የመታኝ ያህል ነበር። ከቤት መውጣት ሲገባኝ መስኮት ለመክፈት ታገልኩ። እንደዚህ የደረሰበት ሰው ኦቨኑን አጥፍቶ፣ በሩን ሳይከፍት፣ መስኮቱን ከፍቶ ይውጣ። ዶቃው እንደሆነ ሞቷል።

ከዚያ በኋላ ፈሪ ሆንኩ። ቀጣዩን ዙር 100 ላይ አደረግሁት። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ቀለሙ እንዳለ። ሲበርድ ጠንከር ብሏል። ደስ አለኝና ሃያ አራቱን ሰክቼ ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠኋት። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት፤ በዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ አማርኛ የምናወራው እኔና እሷ ብቻ ነን። በሦስተኛው ቀን ሊፍት ውስጥ እጇን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ላይ ፍርክስካሽ።

«አንቺ ልጅ፣ ዶቃሽ እኮ እንደ ጠመኔ ሆነብኝ።»

«እትዬ ሙች፣ ምን እንዳደረግሁት አላውቅም» አልኳት።

«ምንም አይደል፣ ሌላ ትሠሪልኛለሽ» ብላ ስብርባሪውን ኪሷ ከተተችው። ያ ነው ያበሳጨኝ። ብትጥለው ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቱ የገባኝ ብዙ ቆይቼ ነው። የፕላስቲኩ ዱቄት እርስ በርሱ የሚዋሃደው የሚፈልገውን ሙቀት ሲያገኝ ብቻ ነው። ካላገኘ ከላይ የበሰለ መስሎ ውስጡ ይፈረፈራል። ዓይን አይለየውም። አሁን ሁልጊዜ ከዶቃዎቹ ጋር አንዲት ስስ የክሌይ ቁራጭ እጋግራለሁ። ሲበርድ አጥፋታለሁ። ከታጠፈች ዶቃውም ደርሷል። ቀጭ ካለች መልሼ አስገባለሁ፤ ሁለቴ ሦስቴ ቢገባ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው እንጂ ብዙ ደቂቃ አይደለም። ጥቅሉ ለ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት 30 ደቂቃ ይላል፤ እኔ አንድ ሰዓት እተወዋለሁ።

ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር የገዛሁ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። መዞሪያው 130 ላይ ሆኖ፣ ሲሞቅ መጀመሪያ ከ150 በላይ ዘለለ። ከዚያ ወርዶ 115 ላይ ተቀመጠ። ለካስ ስንት ጊዜ ራሴን ስወቅስ የነበረው በዚህ ውሸታም መዞሪያ ነው! አሁን ሙቀቱ እስኪረጋ ጠብቄ ነው የማስገባው። ላዩን በፎይል እንደ ድንኳን እሸፍነዋለሁ፤ ነጭና ፈዛዛ ቀለም ሳይሸፈን ይጠይማል። አሮጊቷ የሰጡኝ ካርቶን የተለያየ ምርት ነበረበት። ፊሞው 110 ይላል፣ ፕሪሞው 130፣ ካቶ የሚባለው 150። እኔ ሁሉንም አንድ ላይ ነበር የምከታቸው።

ስለ እጅ ሥራው ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሠርቶ ማየት ይሻላል። ግን ያቃጠሉኝን ልናገር። የቆየ ክሌይ እንደ ድንጋይ ነው፣ ሲያሹት ይሰነጠቃል። እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ እይዘዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሰውነቴ ሲያሞቀው ያድርና ጠዋት ይታዘዝልኛል። ቀለም ሲያሹ ከፈዛዛው መጀመር ነው። ቀይ ነክቶ ነጭ የያዘ ሰው ሮዝ ነው የሚያገኘው። ነጭ ደግሞ የሹራብ ብናኝ ሁሉ ይሰበስባል። ክረምት ላይ ነጭ መሥራት ስፈልግ እጅጌ የሌለው ለብሼ እየተንቀጠቀጥኩ ነው። ጥሬውን የተቀባ እንጨት ላይ ማሳደርም አይሆንም። የሚያለሰልሰው ነገር ቀለሙን ይበላዋል። የተከራየሁት ቤት ጠረጴዛ ላይ የቀረውን ክብ ምልክት እስካሁን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። አሁን የምሠራው ሴራሚክ ላይ ነው።

እኩል የሆነ ዶቃ ለማግኘት በዓይን መቆንጠር አያዋጣም። በመዳመጫው ዘርግቼ በአንድ ክዳን እቆርጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ክብ አንድ ዶቃ። ስታድቦለብዪ መጀመሪያ ጫን፣ መጨረሻ ላይ መዳፍሽ እየነካ እንደማይነካ። ቀዳዳው ነው ልብ የሚፈልገው። ወዲያው ከበሳሽው ይጠፈጠፋል። ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ከዚያ መርፌውን እያሽከረከርሽ ታስገቢያለሽ። ጫፉ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል ታቆሚና፣ አውጥተሽ ከዚያ ጎን ትበሺዋለሽ። ከአንድ ጎን ብቻ የተበሳ ዶቃ መውጫው ላይ ከንፈር ያወጣል።

ትሪ ላይ ዝም ብሎ ማስቀመጥም ችግር አለው፤ የነካበት ቦታ ጠፍጣፋና የሚያብለጨልጭ ይሆናል። እኔ ሽቦ ላይ ሰክቼ ሽቦውን በትሪው ጠርዝ አጋድመዋለሁ። ትሪውም ሆነ ምላጩ ዳግም ለምግብ አይውልም።

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። ከኦቨን የወጣ ዶቃ ዶቃ አይመስልም። ደብዛዛ ነው፣ የጣቴ አሻራ ይታይበታል። የሚያምረው ብርጭቆ ወረቀት ሲያየው ነው። ውሃ የሚችለውን ዓይነት ነው የምጠቀመው፤ ደረቁ አቧራ ስለሚያወጣ ሳንባ ላይ ጥሩ አይደለም። ሳፋ ውስጥ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና አድርጌ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ እኔ በ400 እጀምራለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ዶቃው ይነጣል፣ ይጫጫራል፣ ከመጀመሪያው ይብሳል። አይዞሽ። በ600 የ400ውን ጭረት ታጠፊያለሽ፣ በ800 የ600ውን። አንዱን ከዘለልሽ ጭረቱ መጨረሻ ላይ ወጥቶ ያሳጣሻል፤ ሞክሬ ነው የምልሽ። 1000 ላይ ድምፁ ይለወጣል። መፋቁ ይቀርና ወረቀቱ ሹልክ ሹልክ ይላል። ጣቴ ላይ እርጥብ ጠጠር የያዝኩ ይመስለኛል።

አንድ ቀን እንዲህ ስፈትግ እናቴ ደወለች። ስልኩን ከፍቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው የሚንሻሻው?»

«ዶቃ እያጠብኩ ነው፣ እማዬ።»

«ዶቃ ደግሞ ይታጠባል?» ዝም አለች። ቀጥላ «እንቅልፍሽን ግን ትተኛለሽ?»

ከውሃው በኋላ ማድረቅና በጂንስ መወልወል ነው። ጉልበቱ ላይ ያለቀ የሥራ ሱሪ አለኝ፤ እግሩን ቆርጬዋለሁ። ዶቃውን ጨርቁ ላይ በፍጥነት ስፈትገው መጀመሪያ ምንም የለም። ድንገት ከአንድ ጎኑ የመስኮቱ ብርሃን ብልጭ ይላል። ለአንድ ዶቃ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለሃያ አራት ስትሉት ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ዋጋ አለው ወይ? ለእኔ አለው።

ይህን ከመልመዴ በፊት በአቋራጭ ሞክሬ ነበር። የጥፍር ቀለም፣ ቀለም የሌለውን፣ ቀባሁት። ያን ቀን እንደ መስታወት ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሳወጣው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። በውስጡ ያለው ማሟሚያ ከክሌዩ ጋር አይስማማም፣ ያለሰልሰዋል። ተቀብቶ የማይበላሸው በውሃ የሚቀጥነው ቫርኒሽ ነው፤ ሳስ ያለ፣ ሁለት እጅ። እኔ ግን ብዙም አልወደውም፣ ዶቃውን ርካሽ ያስመስለዋል። ላዩ ላይ ወርቃማ ዱቄት የተነሰነሰበት ከሆነ ብቻ እቀባለሁ፤ ያንን ብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ ስለሚወስደው።

ለእትዬ ሁለተኛውን ሠራሁላት። ሰማያዊ፣ መሀል መሀሉ ላይ ግራጫ። ስሰጣት አንዱን ዶቃ በጥርሷ ነከስ አድርጋ «ይሄኛው ጨክኗል» አለች።

ባለፈው ወር አምስተኛው ፎቅ ላይ ጎንበስ ብላ መወልወያ ስትጨምቅ መቆለፊያው ተፈታና ሙሉ ሐብሉ ባልዲው ውስጥ ገባ። ሳሙናና ቆሻሻ ያለበት ውሃ ውስጥ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እሷ እጅጌዋን እንኳ ሳትሰበስብ እጇን ከተተች፣ አወጣችው፣ በሽርጧ ጠራረገችው። አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች። ሃያ አራት።

«መቆለፊያውን ቀይሪልኝ» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።