ከጅማ ጥቁር ድንጋይ ፊት

ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥተን፣ በወሊሶና በወልቂጤ አልፈን፣ የግቤን ሸለቆ ተሻግረን ጅማ ገባን። በማግስቱ አብረውኝ የመጡት የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ወደ ጅሬን ሲወጡ፣ እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የድንጋይ መፍለጫ ሄድሁ። ቡናውን የሚያበቅለው ቀይ አፈር ከላቫ የረጋው የጥቁሩ ባዛልት ብስባሽ ነውና፣ ልቤ የነበረው ከአፈሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ነው።

መዶሻ የያዙ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ለግንብ ነው ለመሠረት?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ውስጡን ማየት ፈልጌ ነው» አልኋቸው። አንዱን ቋጥኝ በሁለት ምት ፈለጡልኝ። የውጭ ልጣጩ ጣት ያህል ቡናማ ሆኖ ተበልቷል፤ መካከሉ ግን ጥቁር ነው፤ በውስጡም ከጤፍ ከፍ ያሉ አረንጓዴ የኦሊቪን (ከላቫ የሚረጋ ማዕድን) ፍሬዎች ያበራሉ፤ ወደ ልጣጩ የቀረቡት ዝገት መስለዋል። ዝናብ የነካው ክፍል ንጥረ ነገሮቹ ስለሚታጠቡበት፣ ለአይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች) ልኬት የሚፈለገው ይህ ያልተነካው መካከል ነው።

የኢትዮጵያን ደጋ ያነባበረው ላቫ አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ምንጩ ከጥልቅ ማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ካለው የዓለት ክፍል) የሚወጣ የጋለ ዓለት ዓምድ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 አልብሬክት ሆፍማንና ዊልያም ዋይት፣ እንዲህ ያሉ ዓምዶች በጥንት ዘመን ወደ ማንትል የሰመጠ የውቅያኖስ ወለል ቅርፊት ተሸክመው ይወጣሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዓለት ሲቀልጥ የንጥረ ነገሮቹ መጠን ይለዋወጣል፤ እንደ እርሳስ ያሉ የከባድ ንጥረ ነገሮች አይሶቶፖች ምጥጥን ግን እንዳለ ወደ ላቫው ይሻገራል። ቅርፊቱ ሲሰምጥ እርሳሱ ከውሃው ጋር ተጠርጎ ይወጣል፣ ዩራኒየሙ በአንጻሩ ይቀራል፤ ዩራኒየም 238 ደግሞ በ4.47 ቢሊዮን ዓመት እኩሌታው ወደ እርሳስ 206 ስለሚለወጥ፣ ያ ቅርፊት ከረጅም ዘመን በኋላ ሲመለስ እርሳስ 206 በዝቶበት ይገኛል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የማንጋያ ደሴት ነገር ነው። በዚያ የደቡብ ፓሲፊክ ደሴት፣ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው ላቫ ኦሊቪን ውስጥ የተገኘው ድኝ፣ አየሩ ኦክስጅን ባልነበረበት ዘመን ብቻ ሊፈጠር የሚችል የአይሶቶፕ ምልክት ይዟል፤ ስለዚህ ከ2.45 ቢሊዮን ዓመት በፊት በምድር ገጽ ላይ ነበረ፤ ከዚያም ሰምጦ በላቫው ተመለሰ ማለት ነው።

የጅማው ድንጋይ ንባብ ከዚህ ይከብዳል። እንደ ማንጋያ ያሉ ደሴቶች ላቫ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን የውቅያኖስ ቅርፊት አልፎ ሲወጣ፣ የእኛ ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አሮጌ የአህጉር ቅርፊት ሰንጥቆ ወጥቷል፤ በመንገዱም ከዚያ አቅልጦ ሊቀላቅል ይችላል። ከጥልቁ የመጣውን ከመንገድ ከተለቀመው ሳይለዩ ስለ ዓምዱ መናገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ችኮላ ነው። በአንዳንድ የኢትዮጵያ ላቫዎች ከአየሩ 20 እጥፍ የሚጠጋ የሂሊየም 3 ለሂሊየም 4 ምጥጥን መገኘቱ ጥልቅ ምንጭን ያመለክታል፤ የሰመጠ ቅርፊት ግን የሚያበዛው ሂሊየም 4ን ስለሆነ፣ ይህ ምልክት ለብቻው የቅርፊቱን መመለስ አያስረዳም። ስለዚህ ላቫው ብዙ ቅርፊት ሳይቀላቅል ቀድሞ የረጋው ኦሊቪን፣ በኦክስጅኑ አይሶቶፖች ጭምር፣ ታማኝ ምስክር ይሆናል።

አዛውንቱ ከፍልጡ አረንጓዴ ፍሬ የበዛበትን ግማሽ መርጠው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ።