ጠፍቷል ከተባለ በኋላ

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚያወርደው ተዳፋት ላይ ያለ አንድ የባሕር ዛፍ ይዞታ በአንድ የካቲት ሁለት ጊዜ ተቃጠለ። የመጀመሪያው እሳት ሁለት ሄክታር ያህል በልቶ ቆመ። ሁለተኛው የተነሣው «ጠፍቷል» የሚል ሪፖርት ከተጻፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያው ጠፋ ከተባለው እሳት ነው፤ የበላውም ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል።

እሳቱን በመያዝ በኩል ሠራተኞቹ የሚወቀሱበት ነገር የለም። እሳቱ ከግርጌ፣ ከተደበቀ የከሰል ጉድጓድ ነው የተነሣው፤ ሰዓቱ ደግሞ መጥፎ ነበር፤ ከቀኑ 7 ሰዓት። በዚያ ሰዓት ተዳፋቱ በፀሐይ ስለሚሞቅ ነፋሱ ሽቅብ ይነፍሳል። ነበልባሉም ዳገት ላይ ፊቱ ወዳለው ቅጠል ስለሚያዘነብል ገና ሳይደርስ ያደርቀዋል። በሙያው የሚሠራበት ግምት አለ፤ ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ሜዳ ላይ በእግር የሚቀደም እሳት 20 ዲግሪ ዳገት ላይ አራት እጥፍ ይሮጣል ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ሊቀበለው የወጣ ሰው አልነበረም። ከተቃጠለው ከጥቁሩ ጀምረው እሳቱ እንዳይሻገር ግራና ቀኙን የተጠረገ መስመር እየቆረጡ ወጡ፤ አናቱን ደግሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች የሚመላለሱበት የጋራው ጫፍ መንገድ ላይ ጠበቁት። እሳት ጫፍ ላይ ሲደርስ ሽቅብ የሚገፋውን ያጣልና ይደክማል። አስቸጋሪው የባሕር ዛፍ ልጥ ነው። ተልጦ የተንጠለጠለው ቅርፊት እየነደደ በነፋስ ይበርና ከመስመሩ ማዶ ይወድቃል። ለዚህ ሁለት ሰው ፊቱን ወደ እሳቱ ሳይሆን ወዳልተቃጠለው አረንጓዴ አዙሮ መቆም አለበት፤ ቆመዋልም።

መስመሩ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። ቅጠሉ ተጠርጎ፣ ሣሩ በዶማ ተነሥቶ፣ ቀዩ አፈር ታይቷል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲገለበጥና አየሩ ሲቀዘቅዝ እሳቱ ተኛ። ያን ጊዜ በየጉቶው ዙሪያ አፈር በአካፋ አለበሱበትና ውሃ የጫነው ቦቴ ወደ ከተማ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይቺ ጉቶ ትጨሳለች» አለ ከታች የነበረው ልጅ።

«አፈር ጣልባትና ና፤ መኪናው ሊሄድ ነው።»

ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍኖ ለጧት የሚያሳድር ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የተዳፈነ እሳት አይሞትም፣ ያድራል። አፈሩ አየሩን አሳንሶ ነበልባሉን ይከለክላል እንጂ ሙቀቱን አያወጣም፤ እንዲያውም እንደ ብርድ ልብስ ይይዘዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ይወፍራል፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ እስከ ታችኛው ድረስ ይደርቃል። ከቅጠሉ በታች ያረጀ ጉቶ ካለ እሳቱ በጉቶው ሥሮች ውስጥ እየቦረቦረ በቀን ጥቂት እየተጓዘ ይሄዳል። የዚያች ጉቶ አንድ ሥር ከመስመሩ በታች አልፎ ወደ ማዶ ይወጣ ነበር። ላይ ላዩን የጠረገ ዶማ ሥሩን አልቆረጠውም። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ነፋሱ ሲነሣ ጭሱ የታየው ከመስመሩ ውጭ፣ አንድም ሰው በሌለበት ነው።

ማጥፋት ማለት ጉቶውን መክፈት ነው። መጀመሪያ ጓንቱን አውልቆ የእጅን ጀርባ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ መያዝ፤ ሙቀት ከሌለ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ መዳሰስ። መዳፍን ዝም ብሎ አመድ ውስጥ መክተት ያቃጥላል። ሙቀት ካለ በዶማ ቆፍሮ ፍሙን ማውጣት፣ የነደደውን እንጨት በመጥረቢያ መፋቅ፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ ከእርጥብ አፈር ጋር ማቡካት፣ እንደገና መዳሰስ። በጀርባ የሚታዘለው ፓምፕ 20 ሊትር ያህል ነው የሚይዘው፤ ከላይ ቢያፈሱት የደረቀ ቅጠል ውሃ ስለማይቀበል አብዛኛው ተንሸራቶ ይሄዳል። ውሃው ውስጥ ጥቂት ላርጎ ጠብ ማድረግ እንዲሰርግ ይረዳል። መስመሩን የሚሻገር ሥር ሁሉ በመጥረቢያ ይቆረጣል። ተዳፋት ላይ ደግሞ የታችኛው መስመር እንደ ቦይ ጠለቅ ብሎ አፈሩ ወደ ውጭ መከመር አለበት፤ አለዚያ ከላይ የሚንከባለል ግንድ እሳቱን ይዞ ይሻገራል። ሁለት ሄክታር ትንሽ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ጭስ መጥፋት አለበት። ቦታው ሰፊ ከሆነና ሰው ካነሰ ቢያንስ ከጠርዙ 30 ሜትር ወደ ውስጥ ያለው ይጸዳል።

ፍተሻው ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚያዋጣው፤ አየሩ ቀዝቃዛና የረጋ ስለሆነ ቀጭን ጭስ እንኳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ደግሞ ሰው ይቆማል፤ የተደበቀው የሚነሣው ያኔ ነው። ከዚያ የካቲት ወዲህ በዚህ ይዞታ የመጨረሻው ሙቀት ከተገኘ 24 ሰዓት ሳይሞላ «ጠፍቷል» አይጻፍም፤ «ተይዟል» ነው የሚባለው። ይህ ቢሮ ላሉት ቢያሰለችም ተገቢ ነው።

በጥቁሩ ውስጥ ሲኬድ ነጭ አመድ ያለበትን መርገጥ አይገባም፤ ነጭ ማለት በደንብ የነደደ፣ ከሥሩ ባዶ ጉድጓድ ሊኖረው የሚችል ማለት ነው። ግርጌው የተበላ ዛፍ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይወድቃል፤ ነፋስ ሲነሣ ሰው ከሥሩ መውጣት አለበት።

ከእሳቱ በኋላ ያለው ሥራ እስከ ክረምት ይዘልቃል። እንጦጦ የአባይና የአዋሽ ተፋሰስ የሚለያዩበት ጋራ ነው፤ በዚህኛው በኩል የታጠበ አመድና አፈር ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፣ በወዲያኛው ቢሆን ቀበና ይሞላ ነበር። ጋራው ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ለማየት አመዱን ገፍቶ ጠብታ ውሃ አፈሩ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ከ5 ሰከንድ በላይ ክብ ሆና ከቆየች አፈሩ በእሳቱ ሰም ለብሷል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጎርፍ ይሆናል። የተቃጠሉት ግንዶች ሁሉ ለአጣና ከመሸጣቸው በፊት የተወሰኑት በኮንቱር፣ ማለት እኩል ከፍታ ይዘው በተዳፋቱ አግድም ተጋድመው፣ በግማሽ ተቀብረው፣ ከላይ በኩል በአፈር መደፈን አለባቸው። ግንዱ ከመሬቱ ካልገጠመ ውሃው ከሥሩ ቦርብሮ ግንዱ ጭራሽ ባይኖር ከሚሆነው የባሰ ቦረቦር ያወጣል።

ባሕር ዛፉ አያሳስብም። ጉቶው ዝቅ ተደርጎ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል፤ ከዓመት በኋላ በየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያለ ቡቃያ ትቶ ሌላውን መመልመል ነው። ጽዱ ግን ከተቃጠለ ከጉቶው አይመለስም። በመካከል የነበሩት ጥቂት ጽዶች ቦታ በሐምሌ ችግኝ ካልገባበትና ዙሪያው ካልታረመ፣ ባሕር ዛፉ ቀድሞ ይሸፍነዋል።