ስልኬን እንደ ላፕቶፔ ልከፍተው ስሞክር

ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ለመጫን አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም፤ ፍላሹን ሰካሁ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚቀድመው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ከፍላሹ እንዲነሣ አዘዝኩት፣ ዋይፋዩ ሳይቀር ያለ ምንም ጣጣ ሠራ። አንድሮይድም የሊኑክስ ከርነልን፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ ስለሚጠቀምና መሠረቱ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ስለሆነ፣ በ2018 በወጣው ስልኬ ላይ ሊኒየጅ ኦኤስ የተባለውን በአንድሮይድ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት መጫን ከዚህ ብዙ አይለይም ብዬ ጀመርኩ። ሥራው ግን ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ።

መጀመሪያ የገጠመኝ የተቆለፈው ቡትሎደር፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሥርዓቱን የሚያስነሣው ፕሮግራም ነው። የሥሪት ቁጥሩን 7 ጊዜ ነክቼ የገንቢዎቹን ምናሌ ካወጣሁ በኋላ እንኳ፣ አምራቹ አካውንት ከፍቼ ለቀናት እንድጠብቅ አስገደደኝ፤ በገንዘቤ በገዛሁት ዕቃ ላይ ደጅ መጥናቴ አሁንም ያናድደኛል። ቁልፉ ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይህ ሌባ የባለቤቱን መረጃ እንዳያገኝ የተደረገ ስለሆነ አልቃወመውም፤ ነገር ግን ፎቶዎቼን ብቻ ገልብጬ የኢሜይሌን የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣውን መተግበሪያ በመርሳቴ፣ ወደ ኢሜይሌ ለመመለስ ብዙ ተንከራተትኩ።

ቀጥሎ የተረዳሁት ለምን አንድ ፍላሽ ለአብዛኛው ላፕቶፕ ሲበቃ ለስልክ እንደማይበቃ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ምን ዓይነት ዕቃ እንዳለ ከርነሉ ሲነሣ ከራሱ ከማሽኑ ይረዳል፤ ለስልክ ግን ዲቫይስ ትሪ የሚባለው የዕቃዎቹ መግለጫ ለየሞዴሉ ተለይቶ መጻፍ አለበት። የካሜራውና የሞደሙ ሶፍትዌር ደግሞ በአብዛኛው ዝግ ስለሆነ፣ ሊኒየጅ ኦኤስም ከአምራቹ ሥሪት የተወሰዱትን ፋይሎች እንዳሉ ይጠቀማል። ላፕቶፔ በ6.1 ከርነል ሲሠራ ስልኬ 4.9 ላይ የቀረው እነዚህ ፋይሎች ለአሮጌው ከርነል የተሠሩ ስለሆኑ ነው። የከርነሉ ፈቃድ ጂፒኤል 2 አምራቹ የከርነሉን ምንጭ ኮድ እንዲሰጥ ያስገድደዋል፤ አብዛኛው የአንድሮይድ ክፍል የተለቀቀበት የአፓቺ 2.0 ፈቃድ ግን ይህን ግዴታ አይጥልም።

በእርግጥ ዴቢያንም ፍጹም ንጹሕ አይደለም። ዋይፋዬ ወዲያው የሠራው ከ12ኛው ሥሪት ጀምሮ ዝግ ፈርምዌር (ዕቃዎቹን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ከመጫኛው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ነው። ልዩነቱ ግን እዚያ ዝግ የሆነው ክፍል ጠባብ ሲሆን ሌላውን ሁሉ ከመለወጥ አላገደኝም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የባንኬ መተግበሪያ ስልኩ የተነካካ ነው ብሎ አልከፈት አለ። ያንኑ ሒሳብ ላፕቶፔ ላይ በፋየርፎክስ ስገባበት የምን ሥርዓት ተጠቃሚ እንደሆንኩ እንኳ የጠየቀኝ የለም። አሁን ለባንክ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ያልተነካካ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሦስተኛ ስልክ ስገዛ ግን፣ ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት ሞዴሉ በሊኒየጅ ኦኤስ ዝርዝር ውስጥ መኖሩንና ቡትሎደሩ ያለ አምራቹ ፈቃድ መከፈቱን አጣራለሁ።