የአገጬ ከፍታ

ዛሬ ማታ ወደ ጋራዡ የወረድኩት ሥራ አጣድፎኝ አይደለም። ቤት ውስጥ መቀመጥ አስጠላኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እንዲሁ ነው። እንዲህ ሲያደርገኝ መብራቱን አበራና የሚጠብቅ ቡሎን እፈልጋለሁ፤ በዚች እየፈታሁ በምገጥማት የአባዬ ላንድሮቨር ላይ ደግሞ የሚጠብቅ ቡሎን ጠፍቶ አያውቅም። የኋላ ባሌስትራዎቹ፣ ማለት መኪናዋን የሚሸከሙት የተደራረቡ የብረት ሞላዎች፣ ቡሎኖቻቸው በእጅ ብቻ ገብተው ቀርተው ነበር። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አልኩ።

ቁልፉን ይዤ በግራ በኩል ገባሁ። ከዚያ ቀና ስል አየኋት።

ከመደገፊያ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሷ ግን ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴት መስላለች። በፊት ጎማውና ከላዩ ባለው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው፣ መካከል ጭንቅላት ያስገባል። (አስገብቼ አይቻለሁ።)

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ከኋላ ባዶ ሻንሲ ናት፤ አካሉ አልተጫነም፣ በርና ወንበር የሏትም፣ ነዳጅ የለም፣ ትርፍ ጎማው ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ እኮ ይኸው ነው፤ ሞላ የሚሸነፈው በተጫነበት ልክ ነው። ግማሹን ከጫንክበት ግማሹን ይወርድልሃል። ልብሷን ሳትጨርስ ቁመቷን የምለካው እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ያም ሆኖ ሜትሩን አወጣሁ። ለካሁ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው የምለካው፤ ከመሬት ከጀመርክ የጎማው ንፋስ ይዋሽሃል። ከዚያ የፊት መከላከያው ላይ ወጥቼ ሦስት አራት ጊዜ ዘለልኩባትና ደግሜ ለካሁ። ሁለት ሴንቲ ወርዳለች! ባሌስትራ እንዲህ ነው፤ የተደራረቡት ብረቶች እርስ በርስ ስለሚፋተጉ በክሪክ ካነሳኸው ቦታ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ካልነቀነቅከው እዚያው ተይዞ ይቀራል። እንኳን እሱ፣ አዲስ ባሌስትራ ገና መንገድ ላይ ውሎ ካልተቀመጠ የመጨረሻ ቁመቱን አያሳይም።

አንድ ጓደኛዬ ብረታቸው ጥቂት የሆነውን፣ መሃሉ ወፍሮ ጫፉ የሚሳሳውን ዓይነት ግጠምበት ብሎኝ ነበር። ብረቶቹ አይፋተጉም፣ ለወገብም ይመቻል ይላል። ልክ ነው። እኔ ግን «እንደ ጥንቷ» አልኩ፤ ግትርነቴን እንዲህ ነው የምጠራው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በባሌስትራ ቆሞ ጥቅልል ሞላ የመጣለት በ1983 ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ወገብ ያልሰበረ ነገር እኔን አይሰብረኝም።

ሰብሮኛልም እንበል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጎኗ ነገር ነው። ወደ ተሳፋሪው በኩል ትንሽ ዘመም ብላለች። መጀመሪያ አሳስቼ የገጠምኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። አይደለም። ፋብሪካው ራሱ ሆን ብሎ ነው፤ በሾፌሩ በኩል የሚገባው ባሌስትራ ከሌላው ትንሽ ይበልጥ ደገን ያለ ነው። ሾፌር ሁልጊዜ አለ፤ ተሳፋሪ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ ባዶዋን ስትቆም ወደ ባዶው ወንበር ታዘነብላለች፣ ሾፌሩ ሲገባ ነው የምትስተካከለው።

ይህን ሳስብ እዚያው የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

አሮጌዎቹ ባሌስትራዎች ጥግ ላይ አሉ፤ መጣል አልቻልኩም። ሁለቱን ጎን ለጎን ካጋደምካቸው የሾፌሩ ነው ይበልጥ ጠፍጥፎ የተዘረጋው። ከጓደኛው ደገን ብሎ የተሠራው ማለት ነው! አባዬ ከባድ ሰው አልነበረም። ግን ብቻውን ነበር የሚነዳት፤ ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ ነበር የሚመለሰው። እኔ የማውቃት መኪና ወደ እሱ በኩል የምታዘነብል ናት። አሁን የገጠምኩት አዲሱ ባሌስትራ ወደ ሌላ ሰው አዘንብሏል። እና «እንደ ጥንቷ» የምለው የትኛውን ነው? ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን እኔ አልነበርኩም። እኔ የማውቃት ደክሟት ነው።

ቁጥሩን ከመጽሐፍ ላገኘው እችላለሁ። ችግሩ መጽሐፉ ትክክል ቢልም ዓይኔ እሺ አይልም። ለምን እንደማይል ዛሬ ነው የገባኝ፤ እኔ ይህችን መኪና የለካኋት በአገጬ ነው። አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ ሲሠራ እኔ ከጎኑ ቆሜ አገጬን ጠፍጣፋው ፓራፋንጎ ላይ አሳርፍ ነበር። መንጠራራት የለም፣ ማጎንበስ የለም፤ ልክ ነበር። ቆርቆሮው ከሞተሩ ሙቀት ለብ ብሎ ነበር። ስንት ዓመቴ ነበር? ሰባት? ሰባት ከሆነ አንድ ልኬት ነው፣ ስምንት ከሆነ ሌላ። የልጅ ቁመት በዓመት ስድስት ሴንቲ ገደማ ይጨምራል፤ እኔ የምጨነቅበት ጠቅላላ ልዩነት ከዚያ ያነሰ ነው። ለወራት ከባሌስትራ ጋር የተሟገትኩት ዕድሜዬን ስላላስታወስኩ ነው ማለት ነው?

ስለዚህ ተንበረከክሁ። ሙከራ ነው፣ ሳይንስ ነው። ተንበርክኬ ወገቤን ቀጥ አድርጌ አገጬን ፓራፋንጎው ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ መንጠራራት ነበረበት። ቆርቆሮው ቀዝቃዛ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ለማነጻጸር እንዲመቸኝ።

«እየጸለይክ ነው?» አለችኝ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ።

«ቁመት እየለካሁ ነው።»

«የማንን?»

መልስ አልነበረኝም። እራት ቀዝቅዟል ብላ ሄደች። እኔም መብራቱን አጥፍቼ ተከተልኳት።

አሁን ሁሉም ተኝቶ ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ። እነዚያ ቡሎኖች ዛሬ ጭራሽ መጥበቅ አልነበረባቸውም። ሽማግሌው መካኒክ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፦ «ሸክሟን ሳትሸከም አታጥብቃት፣ ልጄ።» ቡሎኑ ሲጠብቅ የጎሚኒው፣ ባሌስትራው ጫፍ ላይ የሚገባው ላስቲክ፣ የውስጥ ብረት ይያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ላስቲኩ ራሱ ካልተጠማዘዘ በቀር ባሌስትራው አይንቀሳቀስም። ከፍ ብላ ሳለች ካጠበቅከው ላስቲኩ ያንን ከፍታ ቤቱ ያደርገዋል። ስትጫን ተጠማዝዞ ይኖራል፣ ወደ ላይ ይገፋታል፣ ቶሎም ይቀደዳል። አካሉን እስክጭን ድረስ የአሸዋ ከረጢት ደርድሬ ማስመሰልም ይቻል ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ቁልፍ ይዤ ወረድኩ።

በግራ በኩል ስገባ ቁልፉን ዳዶው ላይ አስገብቼ ነበር፤ ይህ እርግጥ ነው። ግን አዞርኩት ወይስ ከማዞሬ በፊት ነው ቀና ያልኩት?