ዚንኩ የት አለ?

«ከሊሲኖፕሪል የበለጠ» የሚለውን በስላይዱ ላይ በደማቅ ፊደል የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሊሲኖፕሪል የታወቀ የደም ግፊት ኪኒን ነው።

የማስተርስ ሥራዬ ዶኪንግ ነበር፤ አንድ ሞለኪውል በፕሮቲን ኪስ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገጥም በኮምፒውተር መገመት። በአገራችን የመድኃኒት ዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ 412 ሞለኪውሎችን ኤሲኢ በተባለው የደም ግፊት ኢንዛይም ኪስ ውስጥ አንድ በአንድ ስከት አራት ወር ከረምኩ። የኢንዛይሙን ቅርጽ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ አወረድኩት፤ መለያው 1ኦ86፣ በ2003 የታተመው፣ ሊሲኖፕሪል ኪሱ ውስጥ ተቀምጦ የሚታይበት። አንደኛ የወጣው ሩቲን ሆነ። ስሙን ያገኘው ከጤና አዳም ወገን ነው። ሩቲን -10.3፣ ሊሲኖፕሪል -7.9፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር አያያዙ ይጠነክራል ማለት ነው። ቡናችን ላይ ጣል የምናደርጋት ቅጠል እናቴ በየቀኑ ከምትውጠው ኪኒን በለጠች!

ጥያቄ ሲፈቀድ አንድ አንጋፋ የፋርማኮሎጂ መምህራችን እጃቸውን አነሱ። ዕድሜያቸውን ከአይጥና ከጥንቸል ጋር ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ የዶኪንግ ፕሮግራም ከፍተው አያውቁም። ስለዚህ አልፈራኋቸውም።

«እስቲ ያንን ሥዕል መልሰው።»

መለስኩት።

«ዚንኩ የት አለ?»

«የቱ ዚንክ ዶክተር?» አልኩ። ይህን ያልኩት በማይክሮፎን ነው።

«የኢንዛይሙ ነዋ። ሥራውን የሚሠራው እሱ አይደለም እንዴ?»

«መመሪያው ውኃውንና ባዕድ ነገሩን አስወግዱ ስለሚል… አጽድቼዋለሁ።»

«አጸዳኸው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ኢንዛይም የሚያግደውን ካፕቶፕሪል የተባለ መድኃኒት የሠሩት ሰዎች በ1970ዎቹ የዚህን ኢንዛይም ቅርጽ አላዩም ነበር። ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ከተባለ ሌላ ባለ ዚንክ ኢንዛይም ተነሥተው ዚንኩ ያለበትን ገመቱና በሰልፈር ያዙት። እነሱ ሳያዩት ያዙት፤ አንተ እያየኸው ጠረግከው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጽዳቱን ትዕዛዝ በፍላሽ የሰጠኝ ጓደኛዬ ከሁሉም አስበልጦ ሳቀ። የእሱ ኢንዛይም ዚንክ አልነበረውም፤ ዕድሉ ነው እንጂ የጠረገው በዚያው መጥረጊያ ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ዚንኩ አይደለም። ሊሲኖፕሪል በገዛ ቤቱ፣ ተቀምጦ በተነሣው ፎቶ ላይ፣ ተሸንፎ ሲወጣ «ምን አጠፋሁ?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት «ምን አገኘሁ!» ነው።

ያን ሌሊት ዚንኩን መልሼ ሁሉንም እንደ አዲስ አስኬድኩት። ሊሲኖፕሪል ጥቂት ተሻሻለ። ሩቲን አሁንም አንደኛ! ትልቅ ሞለኪውል ብዙ ቦታ ይነካል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በንክኪ ብዛት ይደለላል፣ ዚንክንም እንደሚገባው አይመዝንም።

ጠዋት ኮሪደር ላይ ዶክተሩ «እህ፣ እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ «ተስተካክሏል» አልኳቸው። በመጨረሻው ቅጂ ላይም «ከሊሲኖፕሪል የበለጠ» የሚለውን አጥፍቼ «ተስፋ ሰጪ» ብዬ ጻፍኩ።